ትንሿ ሞተር፣ የጀማ ዳገት እና ሶይቺሮ ሆንዳ

ፋሲካን ያሳለፍኩት ዓለም ከተማ፣ እህቴ ቤት ነው። ከሙከጡሪ ተገንጥላችሁ በለሚ በኩል ወደ መርሐቤቴ የሄዳችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሜዳው ድንገት ያልቅና የጀማ ሸለቆ ከእግራችሁ ስር ይከፈታል። አውቶብሱ እየተጠማዘዘ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያ የወረደውን መልሶ ሊወጣ ማቃሰት ይጀምራል። እኔ ሁሌም እዚያች ዳገት ላይ ስልኬን አስቀምጬ ሞተሩን ነው የማዳምጠው። ማርሽ ሲቀየር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ቤት ስደርስ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሌላ ሞተር ነበር። የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በስጦታ መልክ አንዲት ትንሽ የልጆች ሞቶክሮስ ደርሳዋለች፤ 50 ሲሲ፣ ያገለገለች፣ ጎማዋ ባለ ጥርስ። ሻጩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ ነው የሸጣት። ልጁም 80 የሚለውን ቁጥር ለክፍሉ ልጆች በሙሉ አውጇል። ችግሩ ያመነው የለም። እናም እኔ፣ ስልክ ያለኝ የከተማ ሰው፣ መርማሪ ሆኜ ተሾምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለን ደልዳላ የሚመስል ቦታ አገኘን። የሚመስል ያልኩት አውቄ ነው፤ መርሐቤቴ ውስጥ እውነተኛ ሜዳ መፈለግ በባዶ ኪስ ባንክ ቤት እንደመግባት ነው። ስልኬን ደረቱ ላይ በሻርፕ አሰርኩለት፣ ቆቡን አጠበቅኩለት፣ ተነሳ። ሲሄድ 47። ሲመለስ 38። የፍጥነት መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ሁሌም በሁለቱም አቅጣጫ ሮጠው አማካዩን ነው የሚወስዱት፤ ነፋስና ተዳፋት እንዳያታልላቸው። አማካዩ 42 ተኩል መጣ።

የልጁን ፊት ብታዩት! ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ከፍታው ነው ብዬ ላጽናናው ሞከርኩ። ውሸትም አይደለም፤ ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ እዚህ ይጠፋል። እሱ ግን የኔን ፊዚክስ አልሰማም። ጎንበስ ብሎ ሲጎረጉር ነዳጅ መስጫው እጀታ ስር አንዲት ትንሽ ብሎን አገኘ። የልጆች ሞተሮች ላይ የምትደረግ ናት፤ እጀታው እስከ መጨረሻው እንዳይዞር ታግዳለች፣ ወላጅ ልጁ ሲለምድ ቀስ በቀስ ይፈታታል። ልጁ ትፈታ አለ። እህቴ በሬሳዬ ላይ ተራምደህ አለች። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ አመለጥኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ስለ አንድ ሰው ሳነብ ባትሪዬ አለቀ። ትንንሽ ሞተሮችን ለዓለም ሕዝብ ካደሉት ሰዎች ቀዳሚው፣ ስሙን በየመንገዱ የምናየው ግን ማን እንደነበረ የማንጠይቀው ሶይቺሮ ሆንዳ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሃሉ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ሆንዳ የተወለደው በ1906 ነው፤ ጃፓን፣ ሃማማትሱ ከተማ አጠገብ ያለች ኮምዮ የምትባል የገጠር መንደር ውስጥ። አባቱ ጊሄ አንጥረኛ ነበር፤ በኋላ ብስክሌት ጠጋኝ ሆኗል። እናቱ ሚካ ሸማኔ። ሁለቱ ሙያዎች እኛ አገር ለስንት ዘመን ምን ተብለው ሲሰደቡ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን የብረት ድምፅና የእሳት ሽታ የልጁ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሆነ። መደበኛው ትምህርት ቤት ላይ ያን ያህል አልነበረም። እንደውም አንድ ጊዜ ውጤቱ አሳፋሪ ሆነበት። ካርዱ በወላጅ ማህተም ተመትቶ መመለስ አለበት። ምን አደረገ? ከብስክሌት ፔዳል ላይ ጎማ ቆርጦ የአባቱን ማህተም ቀርጾ መታ። ተሳካለት! የጓደኞቹንም ልስራላችሁ ብሎ ሰራላቸው፤ ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። ማህተም ሲቀረጽ ፊደሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ መቀረጽ እንዳለበት አላወቀም። ሆንዳ የሚለው የአባቱ ስም በጃፓን ፊደል ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢገለበጥም ያው ነው። የጓደኞቹ ስም ግን ተገልብጦ ወጣ። ይቺን ማህተም በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መንደራቸው የመጀመሪያዋ መኪና ስትመጣ ትንሹ ሶይቺሮ ከኋላዋ ሮጠ። ስትቆም መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት በጣቱ ነክቶ አሸተተው። በ1917 ደግሞ አርት ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ሃማማትሱ መጥቶ ትርዒት ሊያሳይ ነው ተባለ። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የአባቱን ብስክሌት ሰርቆ ሄደ። ብስክሌቱ የአዋቂ ነው፣ ኮርቻው ላይ ቢቀመጥ እግሩ ፔዳል አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ እግሩን በመሃል ብረቱ ስር አሾልኮ እየነዳ። ዓለም ከተማም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ባሕር ዳርም ልጆች ልክ እንዲህ ሲነዱ አይቻለሁ። ሲደርስ ለመግቢያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ።

በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ አርት ሾካይ የሚባል ጋራዥ ተቀጠረ። ተቀጠረ ማለት ይከብዳል፤ መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ሥራ የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። ወራት ሙሉ መኪና የሚነካው ሲጠርግና ሲወለውል ብቻ። በ1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያነድ ጋራዡ ውስጥ የነበሩ መኪኖች ከእሳቱ መውጣት ነበረባቸው፤ ሆንዳ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የጨበጠው ያን ቀን እንደሆነ ይነገራል። ባለቤቱ ዩዞ ሳካኪባራ ግን ጥሩ ሰው ነበር፤ ሙያውን ሳይደብቅ አስተማረው፣ ከመኪና ውድድርም ጋር አስተዋወቀው፣ በ1928 ደግሞ በጋራዡ ስም ሃማማትሱ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፍት ፈቀደለት። የ21 ዓመት ልጅ ነበር።

ገንዘብ መጣ። ገንዘብ ሲመጣ ሆንዳ የሚያውቀው ማጥፊያው ሁለት ነበር፤ አንዱ የምሽት ጨዋታ፣ ሌላው ፍጥነት። በ1936 ቶኪዮ አጠገብ ባለው የታማጋዋ መወዳደሪያ ላይ የፎርድ ሞተር በገጠመላት መኪና ገባ፤ ከጎኑ ረዳት መካኒክ ሆኖ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ቤንጂሮ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረሩ ሳለ ከጥገና ቦታ የወጣ ሌላ መኪና ፊታቸው ድቅን አለ። መኪናዋ ተገለባበጠች፣ ሁለቱም ተወርውረው ወጡ። የሆንዳ የፊቱ ግራ ጎን ተጎዳ፣ ትከሻው ወለቀ፣ እጁ ተሰበረ። ወንድሙ አከርካሪውን ተጎዳ።

እዚህ ጋ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ሆንዳን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይሄን አደጋ እንደ ጀብዱ ነው የሚጽፉት፤ በሕይወት ተረፈ፣ ጀግና ነው ምናምን። ወንድሙን በአንድ መስመር ነው የሚያልፉት። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት ደረቱ ላይ ስልክ አስሬ የላክሁት ልጅ ከጎኔ ተኝቶ ነበር።

ሆንዳ ከዚያ በኋላ ጋራዡ አልበቃው አለ፣ መጠገን ሰለቸው፣ መፍጠር አማረው። የፒስተን ቀለበት ልስራ አለ። የፒስተን ቀለበት ፒስተኑን አቅፋ ጋዝ እንዳያመልጥ የምታደርግ ቀጭን ብረት ናት፤ ስታዩዋት ምንም የማትከብድ ትመስላለች። እሱም እንደዚያ መስሎት ነበር። ሌሊት ሌሊት እየሰራ፣ ፋብሪካው ውስጥ እያደረ፣ የሚወጣው ቀለበት አንዴ ይሰበራል አንዴ ይጣመማል። በመጨረሻ አንድ አስተማሪ ጋ ወስዶ ሲያስመረምረው ብረቱ ውስጥ ሲሊከን እንደጎደለው ተነገረው። ሲሊከን ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። በሠላሳ ዓመቱ፣ ፋብሪካ ያለው ሰው፣ ደብተሩን ይዞ የሃማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ስለ ብረት ሲወራ ይጽፋል፣ ሌላው ላይ የለም፣ ፈተና አይቀመጥም። ዲፕሎማ አንሰጥህም አሉት። እሱም ዲፕሎማ ከሲኒማ ቲኬት ያንሳል፣ ቲኬት ቢያንስ ሲኒማ ቤት ያስገባል የሚል ሐሳብ ነበረው። በኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፍለጋ ስንት በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ፤ ስቄም አዝኜም አነበብኩት።

ለቶዮታ ካቀረባቸው የመጀመሪያ 50 ቀለበቶች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ናቸው። ከ50 ሦስት! ከዓመታት ልፋት በኋላ ግን ተሳካለት፣ ፋብሪካው አደገ፣ ቶዮታም ባለ ድርሻ ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቦምብ ፋብሪካውን መታው። የተረፈውን ደግሞ በ1945 መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። ጃፓን ስትሸነፍ ሆንዳ የቀረውን ለቶዮታ በ450,000 የን ሸጠና አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልሰራም። ቤቱ መጠጥ ጠመቀ፣ ዋሽንት ነፋ፣ ሰው ሰበሰበ። ሚስቱ ሳቺ ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈችው መገመት ትችላላችሁ።

አሁን የምወደው ክፍል ደረሰ።

1946፤ ጃፓን ወድማለች። ባቡሩ ሰው በመስኮት ነው የሚወጣበት፣ ነዳጅ በራሽን ነው፣ ሰው ሩዝና ድንች ፍለጋ ገጠር ድረስ በብስክሌት ይሄዳል። ሆንዳ አንድ ወዳጁ ጋ ሄዶ ሳለ ጦር ሠራዊቱ ለሬዲዮ መብራት ማመንጫ ይጠቀምባት የነበረች ትንሽ ሞተር አየ። ይቺን ብስክሌት ላይ ባስራትስ? ለነዳጅ ሰልባቲዮ ጠፋ፤ ጃፓኖች በብርድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ሞልተው አልጋ ውስጥ የሚከቷትን የብረት ዕቃ ከቤቱ አንስቶ አሰረባት። ሠራችለት። ለሙከራ ማንን አወጣ መሰላችሁ? ሳቺን። ሴት ልትነዳው የምትችል ካልሆነች አትሸጥም ብሎ ነው። ሳቺ ጥሩዋን ሱሪ ለብሳ በሰው መሃል በሃማማትሱ ጎዳና ነዳች። ስትመለስ ሱሪዋ በዘይት ተበላሽቷል፣ ተቆጣች። ሆንዳ ተቆጣሽ ብሎ አልተከራከረም፤ ነዳጁ ከካርቡራተሩ ወደ ኋላ እየተፋ መሆኑን ከሱሪዋ አወቀና አስተካከለው። በዓለም ላይ ለሙከራ አሽከርካሪ ከተሰጠው ግምት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

500 ያህል የጦር ሠራዊት ሞተሮችን ሰብስቦ እየገጠመ ሸጠ። ሲያልቁ የራሱን መሥራት ጀመረ። ሰው በድምፅዋ ባታባታ ብሎ ጠራት። ቤንዚን ስለማይገኝ ከጥድ ሥር በሚወጣ ዘይት እያቀላቀለ ነበር የሚያስነዳው፤ ሽታው ሰፈሩን ይሞላል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ስንት መስመር እንደሳልኩ አላስታውስም፤ ያን ሁሉ ከሚያስረዳኝ ይልቅ ይቺ የሙቅ ውሃ ዕቃ ታስረዳኛለች።

በመስከረም 1948 ሆንዳ ሞተር ኩባንያ በ34 ሠራተኞች ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ታኬዎ ፉጂሳዋ የሚባል ሰው መጣ። ሆንዳ ሒሳብ አይችልም፣ ፉጂሳዋ ሞተር አያውቅም። ተስማሙ፤ አንተ ብረቱን፣ እኔ ብሩን። እና ማህተሙን ታስታውሳላችሁ? ሆንዳ የኩባንያውን ማህተም ለፉጂሳዋ ሰጠው፤ ኩባንያውን በመራባቸው ዓመታት ሁሉ ራሱ አንድም ቀን አልመታበትም። የአባቱን ማህተም አስመስሎ የቀረጸው ልጅ! ጃፓን ውስጥ ማህተም ፊርማ ነው፤ የሰጠኸው ሰው ቤትህን ሊሸጥብህ ይችላል። እኛ አገር ወንድማማቾች እንኳ አብረው ሱቅ ከፍተው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሽማግሌ ሲጠሩ ላየ ሰው፣ ይሄ ከማንኛውም ሞተር በላይ ይደንቃል።

ወደ ዳገቱ ልመልሳችሁ። በ1951 ሆንዳ ድሪም ኢ የምትባል አዲስ ሞተር ሳይክል ሠራ፤ 146 ሲሲ፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት። በወረቀት ላይ ጥሩ ናት። ወረቀት ግን ዳገት አይወጣም። ከቶኪዮ ወጣ ብሎ ሃኮኔ የሚባል ተራራ አለ፤ በዚያ ዘመን የጭነት መኪና እንኳ ሞተሩ እየፈላበት መንገድ ዳር ቆሞ የሚያቀዘቅዝበት። ሐምሌ 15 ቀን፣ አውሎ ነፋስ ዝናቡን እያወረደው፣ ኪዮሺ ካዋሺማ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በድሪም ኢ ዳገቱን ጀመረ። ሆንዳና ፉጂሳዋ በቢዩክ መኪና ይከተሉታል። ሊደርሱበት አልቻሉም። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ጫፉ ላይ ወጣ፣ ሞተሩ አልጋለም። እነሱ ሲደርሱ እየጠበቃቸው ነበር፤ ሦስቱም ዝናብ ውስጥ ቆመው ደስታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ይሄን ሳነብ ፊቴ የመጣው የጀማ ዳገት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ዓለም ከተማ ያለው። እዚያ ላይ ሞተሩ ያልጋለበት ሹፌር ደስታውን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ። በ1952 ከአሜሪካ፣ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የ450 ሚሊዮን የን ማሽን አዘዙ፤ ከኩባንያው ካፒታል ብዙ እጥፍ ነው። የውጭ ምንዛሪ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት አገር! በ1954 አዲሱ ስኩተር ከሰረ፣ ሌላዋ ሞተር ሳይክል ካርቡራተሯ አስቸገረ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ኩባንያው ሊወድቅ አፋፍ ላይ ደረሰ። ልብ በሉ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው ሆንዳ በእንግሊዝና በአየርላንድ መሃል ባለችው የማን ደሴት ላይ በሚካሄደው የዓለም ከባድ የሞተር ውድድር ገብተን እናሸንፋለን ብሎ ያወጀው። እብድ ያሉት ብዙዎች ነበሩ። እኔም ያኔ የኩባንያው ሒሳብ ሠራተኛ ብሆን ከነሱ አንዱ እሆን ነበር። ሆንዳ ደሴቷ ድረስ ሄዶ ሲያይ የጀርመኖቹ ሞተሮች በእኩል መጠን የሱን ሦስት እጥፍ ጉልበት ያወጣሉ። አንገቱን ደፋ፤ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም፣ ጎማ፣ ካቴና፣ ካርቡራተር ገዝቶ ሻንጣው አልዘጋ አለ። ከአንድ ፋብሪካ ወለል ላይ ያነሳት አንዲት መስቀለኛ ራስ ያላት ብሎንም ኪሱ ውስጥ ነበረች ይባላል፤ እነሱ ፋብሪካ ገና በእጅ ካቻቢቴ የሚጠበቅ ባለ አንድ መስመር ብሎን ነበር፣ መስቀለኛዋ ግን በማሽን ትጠበቃለች። እሱ ይሄን ሲሠራ ፉጂሳዋ አገር ቤት ዕቃ አቅራቢዎችንና ባንኩን እየለመነ ኩባንያውን አቆመለት። ማህተሙ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ።

በ1959 የሆንዳ ቡድን ደሴቷ ላይ ታየ። በ125 ሲሲ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ አንደኛ፤ የቡድን ሽልማቱንም ወሰደ። በ1961 ማይክ ሄይልዉድ በ125ም በ250ም አሸነፈላቸው፣ በሁለቱም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የጨረሱት ሆንዳዎች ናቸው። አውጆ ሰባት ዓመት ነው የፈጀው።

ለእህቴ ልጅ ግን ያነበብኩለት ሌላ ቁጥር ነው። በ1966 የሆንዳ መሐንዲሶች አር ሲ 116 የምትባል የውድድር ሞተር ሳይክል ሠሩ። 50 ሲሲ ናት፤ ልክ እንደሱ። ሁለት ትንንሽ ፒስተኖች፣ በደቂቃ 21,500 ዙር፣ 14 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቷ በሰዓት ከ175 ኪሎ ሜትር በላይ። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። እኔም አስረዳሁት፤ ጉልበት ከመጠን ብቻ አይመጣም፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ትፈነዳለች የሚለውም አለ። ግን ሞተሯን እንደዚያ ለማሽከርከር የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብሎን በመፍታት የሚመጣ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ቀስ የሚሉት አሉ፣ ዓለምን የቀየሩት እነሱ ናቸው። በ1958 ሱፐር ከብ ወጣች። 50 ሲሲ፣ ፍሪሲዮኗን በእጅ መጫን የማያስፈልጋት፤ የፓስታ ሾርባ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ሳህን ተሸክሞ በሌላው እንዲነዳት ነው የታሰበችው። በ2017 የተመረቱት ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። በሞተር የሚሄድ ነገር ሁሉ ቢቆጠር ይሄን ያህል የተሠራ ሞዴል የለም። በ1961 ደግሞ ቶኪዮ አጠገብ ታማ ቴክ የሚባል የመዝናኛ ቦታ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱባት አንዲት ሚጢጢ ሞተር ሠሩ፤ ጎማዋ 5 ኢንች። አዋቂ ሲቀመጥባት ዝንጀሮ ይመስላል ተብሎ መንኪ ተባለች፤ በእንግሊዝኛ ዝንጀሮ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለገበያ ወጣች፣ አሜሪካ ሄደች፣ እዚያ አንድ ትውልድ ልጅ ሞተር የለመደው በነዚህ ትንንሾች ነው። የእህቴ ልጅ ሞተር ማን እንደሠራት አልነግራችሁም፤ የዘር ሐረጓ ግን ወደ ታማ ቴክ ያመራል።

የሆንዳን ሌላ ፊት ካልነገርኳችሁ ግን ዋሽቻለሁ። ሰውየው ቁጡ ነበር። ሠራተኛ ይመታል፣ የጨበጠውን መፍቻ ይወረውራል። ደግሞም ግትር። ሞተር በአየር ነው መቀዝቀዝ ያለበት፣ ውሃውንም ቢሆን መልሶ የሚያቀዘቅዘው አየር አይደለም ወይ ብሎ ችክ አለ። በ1968 በአየር የሚቀዘቅዝ የፎርሙላ ዋን መኪና አሠራ። የቡድኑ ዋና አሽከርካሪ ጆን ሰርቲስ ሞክሯት ለውድድር አልደረሰችም ብሎ አልነዳትም አለ። ፈረንሳይ፣ ሩዋን ላይ ጆ ሽሌሰር የሚባል ፈረንሳዊ ገባባት። ገና በሦስተኛው ዙር እርጥብ መንገድ ላይ ከመስመር ወጥታ ተጋጨች፣ በእሳት ተያያዘች፣ ሽሌሰር ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆንዳ ከፎርሙላ ዋን ወጣ።

ወጣት መሐንዲሶቹ ግን የአየር ነገር አብቅቷል፣ ጭስ የሚቀንስ ሞተር በአየር አይሠራም ብለው ያምኑ ነበር፤ አለቃውን ማን ይናገር? ፉጂሳዋ ሄደና ጠየቀው፤ አንተ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነህ ወይስ መሐንዲስ? ምረጥ። ሆንዳ ጥቂት ቆይቶ ፕሬዚዳንት ብሆን ይሻላል አለ፣ በውሃ እንዲሠሩ ፈቀደ። ከዚያ ውሳኔ የመጣችው ሞተር የአሜሪካንን ጥብቅ የጭስ ሕግ ካለፉት ቀዳሚዎቹ አንዷ ሆነች። በ1973 ሁለቱም አብረው ጡረታ ወጡ፤ አንዱ 66 ሌላው 62 ዓመታቸው ነበር። ልጆቻቸውን ኩባንያው ውስጥ አላስገቡም፣ ቀድመው የተስማሙበት ነው። በሆንዳ ወንበር የተቀመጠው ማን ነው? ካዋሺማ፤ በዚያ ዝናብ ሃኮኔን የወጣው ልጅ። 45 ዓመቱ ነበር።

ሆንዳ ከዚያ በኋላ ጃፓን ውስጥ ያሉትን የኩባንያውን ሱቆችና ፋብሪካዎች እየዞረ ሠራተኛውን በሙሉ ጨብጦ ማመስገን ጀመረ። አንዱ መካኒክ እጁ ዘይት መሆኑን አይቶ ሊታጠብ ሲሮጥ ከለከለው፤ ያንኑ እጅ ጨበጠና አሸተተው። መንደር ውስጥ ከመኪናዋ ስር ያሸተተው ዘይት ነው። የራሱ ግራ እጅ በጠባሳ የተሞላ ነበር፤ ቀኙ መዶሻ ይዞ ሲመታ የሚቀበለው ግራው ስለሆነ። ነሐሴ 5 ቀን 1991 በ84 ዓመቱ ሞተ። ትልቅ የኩባንያ ቀብር እንዳታደርጉልኝ ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም መንገድ ይዘጋል፣ መኪና የሚሠራ ሰው በሞቱ ትራፊክ ማጨናነቅ የለበትም።

ጠዋት ቡና ላይ ይሄን ሁሉ ለእህቴ አወራኋት። ስለ ፎርሙላ ዋኑ ምንም አላለችም። ስለ ወንድሙ ዝም አለች። ሳቺ ጋ ስንደርስ ግን ስኒዋን አስቀመጠች። ሴትየዋ ራሷ ነው የነዳችው? አዎ አልኳት። ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ልጁን ቆቡን አምጣ አለችው።

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሞተሯ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ መሪው ጋ ደረሰ፤ መንኪ ለምን መንኪ እንደተባለች ገባኝ። የመጀመሪያው ላይ ጠፋባት፣ ሁለተኛው ላይ ተንደርድራ ሄደች፣ ከጓሮው አጥር እስከ ዋናው መንገድ አፍ ድረስ፣ ተመለሰች። ስልኩ 31 አለ። ወርዳ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ፍሬኑ የፊቱ እንደላላ፣ እሱ ሳይስተካከል ስለ ብሎን የሚያወራ ሰው እንዳታይ ተናገረች። ያንን እኔም ልጁም ሁለት ቀን ሙሉ አላየነውም ነበር።

ፍሬኑን ከሰዓት በኋላ መካኒክ ጋ አስጠበቅነው። ስንመለስ እህቴ ካቻቢቴውን ራሷ ያዘች፣ ብሎኗን አንድ ዙር ፈታች፣ ካቻቢቴውን ኪሷ ከተተችው። ቀሪው ለሰኔ ነው አለች፣ ካርድ ሲመጣ። ልጁ ተስማማ። ካርዱ ላይ የሚመታው ማህተም የማን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማጣራው።

ነጠላዋ ጥለቱ ላይ ዘይት ነክቶታል። እስካሁን አልለቀቀም።